አከራይ እንዲመርጣችሁ፦ ከአያት ወዲያ ቤት ስፈልግ ያየሁት

የምንኖርበት ግቢ ለመንገድ ሥራ ተፈለገ። ባለቤቶቹ ጉዳያቸውን ከወረዳ ጋር ይጨርሳሉ። ሰርቪስ ቤት ውስጥ ያለነው ተከራዮች ግን ዕቃችንን ሸክፈን ሌላ ቤት መፈለግ ነበረብን። ብቻችንን ብንሆን ደግ ነበር። የጎረቤት ግቢም፣ ከዚያ ማዶ ያለውም በአንድ ሰሞን ነው የወጣው፤ ሁሉም ደግሞ ኪሱ የሚፈቅድለት ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሆነ በየደላላው ደጅ የምንገናኘው ከድሮ ጎረቤቶቻችን ጋር ነበር። ጣፎ፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ። በአዲስ አበባ ምሥራቅ ጫፍ፣ ከአያት ወዲያ ያለው ሁሉ።

ድሮ ቤት መከራየት የገንዘብ ጉዳይ ነበር። ዋጋ ትጠይቃላችሁ፣ ትከራከራላችሁ፣ ትገባላችሁ። አሁን አከራዩ የጠራውን ዋጋ «እሺ» የሚለው ሰው ሞልቷል። ስለዚህ ሰው ይመርጣል። እኔ ደግሞ በወረቀት ስታይ የምመረጥ ሰው አልነበርኩም። ቤት ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ። ባለቤቴ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው፣ ከወሩ ግማሹን መንገድ ላይ ነው። ሁለት ልጆች አሉን፤ ትልቋ ተማሪ ናት፣ ትንሹ ገና ግድግዳ ላይ በእስክሪብቶ የሚሞነጫጭር ነው። ለእኛ ይሄ ደህና ኑሮ ነው። አከራይ የሚሰማው ግን ሌላ ነው፦ ማሽን፣ ልጆች፣ ቤት የማይገኝ ባል፣ ደመወዝ የሌላት ሚስት።

ይህን የምጽፈው እንደኔ የወር ደመወዝ ለሌላችሁ፣ ልጅ ላላችሁ፣ ወይም ላጤ ስለሆናችሁ ብቻ ስልክ ለሚዘጋባችሁ ነው።

መጀመሪያ ሰሞን ስልክ ነበር ሥራችን። የመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ስንት ናችሁ?» አራት ነን ስል ዝም ይላሉ። ከዚያ «እስቲ እደውልልሻለሁ» ይላሉ፤ አይደውሉም። አንዳንዱ ደግሞ ግልጽ ነው፣ «ልጅ ያለው አንፈልግም» ብሎ ይዘጋል። አባዶ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለ አንድ መኝታ ለማየት ስንሄድ ደረጃው ላይ ሌሎች ፈላጊዎች ተሰልፈው አገኘናቸው። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል። ከእኛ በፊት የገቡት አዲስ ተጋቢዎች ነበሩ፣ ሁለቱም የመሥሪያ ቤት መታወቂያ አንገታቸው ላይ ነበር። ሲወጡ ፊታቸው ይስቃል። እኛ ጋ ሳይደርስ ደላላው «በቃ አልቋል» አለን፤ ቤቱን እንኳ አላየነውም።

ምክር ሰጪ አይጠፋም። «ልጆቹን ደብቂ።» «ማሽኑን አትናገሪ፣ ከገባሽ በኋላ ምን ያመጣሉ?» ይሄ ምክር በሁሉም ሰው አፍ ላይ ነው። ከድሮ ግቢያችን የወጣች አንዲት ጎረቤቴ ሞክራዋለች። አንድ ልጅ ነው ያለኝ ብላ ጣፎ ላይ ተስማማች። ዕቃው የመጣ ቀን አይሱዙው በር ላይ ቆሞ አልጋ ሲወርድ፣ ሌላ አልጋ ሲወርድ፣ ከጋቢናው ደግሞ ሦስት ልጆች ሲወርዱ የቤቱ እመቤት በሩን ዘጉት። ክረምት ነው፣ ፍራሹ ዝናብ ላይ ነው፣ የጫኝ አውራጁ ሒሳብ እየቆጠረ ነው። በሽማግሌ ተለምነው አስገቧት፣ ግን እስካሁን ድረስ ሰላምታቸው ቀዝቃዛ ነው ትለኛለች። ምንም ቢሆን ልጅ አትደብቁ። ልጅ የሚደበቅ ነገር አይደለም።

ነገሩ የተገለጠልኝ ከከለከሉን ሴትዮ ነው። አራብሳ ኮንዶሚኒየም አጠገብ የግል ግቢ ነው፤ ትልቅ ሴት ናቸው፣ ቤቱ ሁለት ክፍል፣ ጥሩ ነው። «አይ፣ አይሆንም» ሲሉኝ እንደወትሮው አመስግኜ ልወጣ ነበር። ግን ደክሞኝ ስለነበር ይሁን እንጃ ቆም አልኩና፣ «እማማ፣ አልከራከርዎትም፣ ቤቱ የእርስዎ ነው። ግን ምን እንዳላማረዎት ቢነግሩኝ ለሌላው ይጠቅመኛል» አልኳቸው። አዩኝ። «ነይ ተቀመጪ» አሉኝ።

«ልጄ፣ አንቺን ጠልቼ አይደለም። አሁን ሕጉ ሁለት ዓመት ብሏል። ድሮ ካልተስማማን በወሩ ውጪ እል ነበር። አሁን አንዴ ካስገባሁሽ ሁለት ዓመት አብረን ነን። እኔ ደግሞ ብቻዬን ነኝ፣ እሳት የሆነ ሰው ገብቶ ቢያቃጥለኝ ማንን እጠራለሁ?»

እዚህ ጋ ነው ሁሉም ነገር የዞረልኝ። ሴትዮዋ ኪራዩ አላሳሰባቸውም። የፈሩት እኔን ነው። ቤት የሚያከራይ ሰው ሁሉ የሚፈራው ነገር አለ፤ እኔ ግን እስከዚያ ድረስ ስለ ራሴ ችግር ነበር የማወራው፣ ቤት እንደቸገረኝ፣ ልጄ ትምህርት ሊጀምርባት እንደሆነ። የአከራይ ፍርሃት ላይ ሌላ ፍርሃት ነበር የምጨምረው። የተቸገረ ሰው ሲባል እኮ አከራይ የሚሰማው «ወር ሲደርስ የማይከፍል» ነው።

ሕጉን ለማታውቁ፦ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ይባላል። ውል በጽሑፍ መሆን አለበት፤ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ ዘመኑ ከሁለት ዓመት አያንስም። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ አይችልም። ኪራዩ የሚከፈለው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። አከራይም እንደፈለገ መሀል ላይ መጨመር አይችልም፣ ጭማሪው መንግሥት በየዓመቱ በሚያሳውቀው መጠን ነው። ይህ ሁሉ ለተከራይ የወጣ ነው፤ ደግሞም ጠቅሞናል። ግን ሌላ ጎን አለው። አከራይ አንዴ ካስገባችሁ በቀላሉ ስለማያስወጣችሁ ከማስገባቱ በፊት አሥር ጊዜ ያስባል። ማጣሪያው በሙሉ ወደ በሩ መጥቷል።

እና ሌላ ቤት ከመሄዴ በፊት ቁጭ ብዬ አሰብኩ። እኔ ብሆን ማንን ነበር የማስገባው? ምን ያስፈራኛል? ከእማማ የሰማሁትን፣ የድሮ አከራዬ ሲነጫነጩ የሰማሁትን ሁሉ አስታወስኩ። አምስት ነገር ሆኖ አገኘሁት፦ ኪራይ መዘግየት፣ መብራት፣ ውሃ፣ ሌሊት በር ማንኳኳትና የሚወጣ የሚገባ ሰው፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ አልወጣም ማለት። ሌላው ሁሉ ከእነዚህ የሚወለድ ነው።

ገንዘቡን በወረቀት ጀመርኩ። ደመወዝተኛ ከሆናችሁ ቀላል ነው፣ ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ታጽፋላችሁ፣ አለቀ። እኛ ግን ማስረጃችን ተበታትኖ ነበር። ባለቤቴ ከሚሠራበት ድርጅት የሥራ ልምድና የደመወዝ ደብዳቤ አጻፈ። እኔ ንግድ ፈቃዴን አሳደስኩ፤ ከባንክ ደግሞ የስድስት ወር ስቴትመንት አወጣሁ። ስቴትመንቱ ላይ ትልቅ ብር የለም። ግን በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ይገባል፣ በየወሩ መጀመሪያ ደግሞ ለድሮ አከራዬ የላክሁት ኪራይ በሲቢኢ ብር ሲወጣ ይታያል፣ አንድም ወር ሳይዘገይ። ያቺን መስመር በእስክሪብቶ አሰመርኩባት። ማንም ያላዘዘኝ ነገር ነው፤ ግን ከደብዳቤውም ከፈቃዱም በላይ የሠራችልኝ እሷ ናት። ደንበኞቻችሁ በእጅ ብር የሚሰጧችሁ ከሆነ ከአሁኑ ጀምራችሁ ወደ አካውንት አስገቡት፣ ወይም በቴሌብር ይላኩላችሁ። ቤት መፈለግ የምትጀምሩት ከስድስት ወር በኋላ ቢሆንም።

ከዚያ የድሮ አከራይ። ይሄን ብዙ ሰው አያደርገውም። እትዬን፣ የድሮ አከራያችንን፣ «ሰው ቢደውልልዎት ስለ እኛ እውነቱን ይናገራሉ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ምን ብዬ ልዋሽ ደግሞ፣ ትንሹ ልጅሽ ግድግዳዬን አበላሽቷል እላለሁ» አሉና ሳቁ። ስልካቸውን አስፈቅጄ ያዝኩ። ከዚያ በፊት ግን ያን ግድግዳ በራሳችን ቀለም ቀብተን ነበር፣ ግቢው ሊፈርስ ቢሆንም። ከድሮ አከራይ ጋር ተጣልታችሁ አትውጡ። ትቀየማላችሁ፣ ይቀየማሉ፣ ግን የሚቀጥለው በር ላይ የሚቆምላችሁ እሱ ነው።

መብራት ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም በግል ግቢ ውስጥ ጠቡ ሁሉ ከቆጣሪ ነው የሚነሳው። አንድ ቆጣሪ ለሦስት አራት ቤት ነው። የመብራት ታሪፉ ደግሞ ብዙ በተጠቀማችሁ ቁጥር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ ራሱ ከፍ እያለ ነው የሚሄደው። ስለዚህ አንድ ከባድ ተጠቃሚ ሲገባ የሁሉም ሒሳብ ነው የሚንረው፤ «በሰው ልክ እንካፈል» ሲባል ደግሞ አንዱ ሌላውን ይጠረጥራል። አከራዮች ማሽን ሲባሉ የሚደነግጡት ለዚህ ነው። እኔ ግን የስፌት ማሽኔን ጀርባ አይቼ ሞተሩ ላይ የተጻፈውን አነበብኩ። ከአምፖል ትንሽ የሚበልጥ ነው። የሚበላው ካውያው ነው፤ ሲሞቅ ከ1000 ዋት በላይ ይስባል። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ የእንጀራ ምጣድ ነው፣ ከ3000 ዋት በላይ። ምጣድ ሁሉም ቤት አለ፣ ማሽን ግን ስሙ የገነነ ነው። ከዚህ በኋላ አከራይ ስለ ማሽኑ ሲጠይቀኝ ሰበብ መደርደር ትቼ «ማሽኑ ከአምፖል ብዙም አይበልጥም። ካውያውን በሳምንት ሁለት ቀን አንድ ላይ ነው የምተኩሰው። ከፈለጉ ደግሞ ለእኛ ክፍል ትንሽ ቆጣሪ በራሴ ወጪ አስገጥማለሁ፣ ያነበበውን እከፍላለሁ» እላለሁ። ፊታቸው ሲፈታ ታዩታላችሁ። ያቺ ትንሽ ቆጣሪ ኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ሁሉ አለች፤ ኤሌክትሪሺያን በአጭር ሰዓት ይገጥማታል።

ውሃም እንደዚሁ። ከአያት ወዲያ ውሃ በፈረቃ ነው፤ የሚመጣው አንዳንዴ ሌሊት ነው። አከራይ የሚፈራው ሮቶውን የሚያሟጥጥ ተከራይ ነው። እኛ የራሳችን በርሜልና ጀሪካኖች እንዳሉን፣ ፈረቃ ሲሆን ራሴ ተነስቼ እንደምቀዳ እናገራለሁ። ሦስት ቤተሰብ በአንድ ሮቶ በሚኖርበት ግቢ ይሄ ወሬ ከባንክ ስቴትመንት አያንስም።

ስለ ባለቤቴም አስቀድሜ ማውራት ጀመርኩ። «ባልሽ የት ነው?» እስኪሉኝ አልጠብቅም። መስመር እንደሚሄድ፣ ሲመለስ አንዳንዴ ሌሊት እንደሚገባ፣ በር ሳያንኳኳ ለእኔ ደውሎ እኔ እንደምከፍትለት እናገራለሁ። ደንበኞቼ ደግሞ ሴቶች እንደሆኑ፣ ከሰዓት በኋላ ብቻ እንደሚመጡ፣ ብዙውን ጊዜ ልብሱን እኔ እንደማደርስላቸው። ላጤ ለሆናችሁ ወንዶችም ይሄው ነው። «እንግዳ አላመጣም» ብላችሁ አትማሉ፣ ማንም አያምናችሁም። ስንት ሰዓት እንደምትገቡ፣ ማን እንደሚጠይቃችሁ፣ ቅዳሜ ማታ የት እንደምታሳልፉ ተናገሩ። ግልጽ የሆነ ሰው አያስፈራም።

ደላላ ጋ ስንመጣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ደላላ ብዙ ፈላጊ ነው ያለው፤ አዲስ ቤት ሲመጣ የሚደውለው ለሚያስታውሰው ነው። የሚያስታውሰው ደግሞ የሚነዘንዘውን ሳይሆን የማያሳፍረውን ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው እውነቱን ነግሬው፣ ስንት እንደሆንን፣ ምን እንደምሠራ፣ እስከ ስንት እንደምከፍል፣ ስሜንና አጭር መግለጫውን በቴሌግራም ላክሁለት፤ ለአከራይ እንዲያስተላልፈው ነው። አብሬ የድሮ ክፍላችንን አጭር ቪዲዮ ላክሁ፣ አልጋው ተነጥፎ፣ ማሽኑ ጥጉ ላይ ተሸፍኖ። ኮሚሽኑን ደግሞ ቤት ከማየታችን በፊት ተነጋገርን፣ ስንት ነው፣ መቼ ነው፣ ከማን ነው። ቤት ለማሳየት ብቻ ብር የሚጠይቅ ደላላ ካጋጠማችሁ ሂዱ። ቀብድ ቀብድ የሚል፣ ባለቤቱን የማያገናኝ፣ «ሌላ ሰው ሊይዘው ነው አሁኑኑ ላኪ» የሚል ካጋጠማችሁ ደግሞ ፈጥናችሁ ሂዱ። ተመራጭ ለመሆን ስትሯሯጡ መታለል ቀላል ነው፤ በዚያ ሰሞን አንድ ዘመዳችን ቁልፍ እንኳ ላልነበረው ሰው ቀብድ ከፍሏል።

እናንተም ጠይቁ። ባለቤት ነኝ ካለ መታወቂያውና የቤቱ ካርታ ወይም የኮንዶሚኒየሙ ውል ላይ ያለው ስም አንድ ነው? ባለቤቱ ውጭ አገር ሆኖ እህቱ የምታከራየው ከሆነ ውክልና አላት? ውክልናው በሰነዶች ማረጋገጫ የተመዘገበ መሆኑን ማየት መብታችሁ ነው። በትህትና ከጠየቃችሁ አከራይ አይቀየምም። እንዲያውም አንዱ ሰውዬ «አንቺ ጠንቃቃ ነሽ» ብሎኝ ነበር፣ እንደ ሙገሳ።

ሌላ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር፦ ቤቱ በየትኛው በኩል ነው? ከአያት ወዲያ አዲስ አበባ የት እንደሚያልቅ በዓይን አይታይም። አባዶና አራብሳ ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ናቸው። ጣፎ ግን የሸገር ከተማ ነው፣ ኦሮሚያ። ውሉን የምትመዘግቡበት ቢሮ፣ መታወቂያ የምታወጡበት ወረዳ፣ የልጃችሁ መንግሥት ትምህርት ቤት ሁሉ ከዚያ ይለያያል። ኪራዩ ጣፎ ላይ ትንሽ ቀለል ስላለን ልንገባ ነበር፤ የልጄን ትምህርት ቤትና የታክሲውን ሒሳብ ስደምረው ቀረብኝ። ለሌላ ሰው ጥሩ ሊሆን ይችላል። ብቻ ቀድማችሁ ደምሩ።

ብሔር የሚጠይቅ፣ ሃይማኖት የሚጠይቅ አከራይም አለ። ይሄ ያለ ነገር ነው፣ ማስመሰል አልወድም። እኔ ሲጠይቁኝ እውነቱን ተናግሬ፣ ካልሆነ አመስግኜ እወጣለሁ። ማንነታችሁን ደብቃችሁ የምትገቡበት ቤት ውስጥ ሁለት ዓመት ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ነው የምትኖሩት።

ያሁኑን ቤታችንን ያገኘነው ያ ደላላ ደውሎ ነው። አራብሳ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ያለ ግቢ። «ባለፈው የላክሽልኝን ቪዲዮ አሳየኋቸው፣ ነይ ብለዋል» አለኝ። ለእሑድ ጠዋት ነበር ያለኝ፣ እኔ ግን ከቅዳሴ በኋላ እንዲሆን ለመንኩት። ሙስሊም ቤተሰብ ጋ ከሆነ ደግሞ ዓርብ ቀትር ላይ አትደውሉ፤ ትንሽ ነገር ናት፣ ግን ሰውን ማወቃችሁን ታሳያለች። አከራዮቹ ባልና ሚስት ናቸው፣ ጡረታ የወጡ፤ ጋሼና እትዬ እላቸዋለሁ። ልጆቼን ይዤ ሄድኩ። ብዙዎች «ልጆቹን ቤት ተያቸው» ብለውኝ ነበር። እኔ ግን ከመጀመሪያው እንዲያዩአቸው ፈለግሁ። ጭቃ ስለነበር በር ላይ ጫማችንን አወለቅን። ትንሹን እስክሪብቶውን ከኪሱ አውጥቼ ነበር የወሰድኩት፣ እውነቴን ነው የምላችሁ።

እትዬ ቡና አፍልተው ነበር። ሰነዶቹን ወዲያው አላወጣሁም። ጨዋታ ነው መጀመሪያ። ከየት ናችሁ፣ ወላጆችሽ አሉ፣ ባልሽ መቼ ይመለሳል። ሁለተኛው ሲኒ ላይ ጋሼ ራሳቸው «እና ኪራዩን በምንድነው የምትከፍሉት?» ሲሉ ፎልደሩን አወጣሁ። መነጽራቸውን አደረጉና ያሰመርኩበትን ላይ ቆዩ። ጣታቸውን ከወር ወደ ወር እያወረዱ ተከተሉት። «ሁልጊዜ በአምስተኛው ቀን ነው የምትልኪው» አሉ። አዎ አልኳቸው፣ ባለቤቴ ደመወዝ የሚገባለት በአራተኛው ነው። ሳቁ። እትዬ ደግሞ ለወረቀቱ ግድ አልሰጡም፤ ውሃ ሌሊት እንደምቀዳ የነገርኳቸው ጊዜ ነው «ይቺ ትሁንልኝ» ያሉት። ከዚያ እዚያው ቁጭ ብለው ለድሮ አከራዬ ደወሉ። ሁለቱ ሴቶች ስለ እኔ ሳይሆን ስለ ሽንኩርት ዋጋ ነው ብዙውን ያወሩት።

ቅድሚያ ክፍያው ላይ ጋሼ መጀመሪያ ሦስት ወር ነበር ያሉት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ወይ ይጣላል ወይ ዝም ብሎ ይከፍላል። እኔ አዋጅ ቁጥር እየጠቀስኩ መከራከር አልፈለግሁም፣ ሰው ቤት ቡና እየጠጡ ሕግ መጥቀስ ያስፈራል። «ጋሼ፣ ሕጉ ሁለት ወር ነው የሚለው፤ ስንመዘገብ እርስዎንም እንዳያስቸግርዎት። ሁለቱን ወር ዛሬውኑ በባንክ ላስገባ» አልኳቸው። «ዛሬውኑ» ያልኩት ነው የሠራው። ብሩ አካውንት ላይ ተዘጋጅቶ ስለነበር ከቤታቸው ሳልወጣ በስልኬ ላክሁ። ቤት ስትፈልጉ ሁለት ወሩ እጃችሁ ላይ ይሁን፤ «ከዘመድ ልበደርና ልምጣ» ስትሉ ሌላው ይገባል።

ውሉ ላይ ከእውነተኛው ኪራይ ያነሰ ቁጥር እንዲጻፍ የሚጠይቁ አከራዮች አሉ፣ የኪራይ ገቢ ግብሩን ፈርተው ነው። የእኛዎቹ አላሉም። የሚሉ ካጋጠሟችሁ ግን ልብ በሉ፣ ከውሉ ውጪ በእጅ የምትሰጡት ብር ማስረጃ የለውም፤ ነገ አልተከፈለኝም ቢባል ምን ታሳያላችሁ? ቤቱ እንዳያመልጣችሁ ብላችሁ እሺ እንዳትሉ። እኛ ውሉ ውስጥ ልብስ ስፌት እንደምሠራና የመብራቱን በትንሿ ቆጣሪ ልክ እንደምንከፍል አስጻፍን። የልጆቹንም ስም ጻፍን። ከዚያ ከጋሼ ጋር አብረን ወረዳ ሄደን አስመዘገብነው፤ ሁለታችንም መታወቂያ ይዘን ነው የሄድነው። እዚያ ወረፋ አለ፣ ጠዋት ቀድማችሁ ሂዱ።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ዕቃ ከማስገባታችሁ በፊት ባዶውን ቤት በስልካችሁ ቅረጹት፣ ከአከራዩ ጋር ሆናችሁ። የቆጣሪው ቁጥር፣ የግድግዳ ስንጥቅ፣ የላላ ሶኬት፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ፣ የተሰበረ መስታወት። ቪዲዮውን ለአከራዩም ላኩለት፣ ኋላ ማን አበላሸው እንዳይባል። እኔ ቪዲዮውን ለጋሼ ስልክላቸው መታጠቢያ ቤት ያለው ሶኬት መጥቆሩን ያኔ ነው ያዩት። በማግስቱ ኤሌክትሪሺያን ይዘው መጡ፤ እግረ መንገዱን ትንሿን ቆጣሪም ገጠመልን።